ቆሜ ሰላም ብልዎ

ናቴቴ፣ ካምፓላ
መጋቢት 4

ይድረስ ለእትዬ ናካይዛ፣

እንደምን ሰነበቱ? ቤቱ፣ የሙዝ ማሳው፣ ዶሮዎቹ፣ ያ የሚያስነጥሰው ፍየል እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ልጄ ናጁኮም ደኅና ናት፤ አክስቴን ሰላም በይልኝ ብላለች።

ሰላምታዬ በወረቀት የሚመጣው እርስዎ ስላዘዙ ነው። «በስልክ ሰላም ስትዪኝ ተንበርክከሽ ይሁን ተጋድመሽ በምን አውቃለሁ?» ብለው ከዘጉብኝ ወዲህ አልደወልኩም። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ተንበርክኬ ነበር። ስልኩ ሲጠራና የእርስዎ ስም ሲታይ ጉልበቴ እኔን ሳይጠይቅ ነው የሚታጠፈው።

ለጠየቁኝ መልሱ አዎ ነው። በጎሳው ስብሰባ ላይ ያልተገኘሁት ሐኪም ቤት ስለነበርኩ ነው። የቀኝ ጉልበቴን ቀየሩልኝ። የተበላውን አጥንት አውጥተው በቦታው ብረትና ፕላስቲክ አስገቡ። ወጪውን ናጁኮ ቻለችው። የድሮውን ጉልበቴን እርስዎም ያውቁታል፤ ባቄላ ስንለቅም እየዳህኩ ነበር የምከተልዎት፣ እሑድ ቅዳሴው ተጋምሶ ነበር ከበሩ የምደርሰው።

ቀድሜ ስላልነገርኩዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ብነግርዎት ይከለክሉኛል ብዬ ፈራሁ። ከከለከሉኝ ደግሞ እሺ እንደምል አውቃለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንዎት። በሰኔ የባለቤቴን ሞት ከቤት የምናስወጣበት ሥርዓት ነው። ከቀበርነው ወዲህ ያን ቀን ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ልጄ ካልያንጎ ከዛፍ ቅርፊት የተሠራውን የወራሽ ልብስ ለብሶ በአባቱ ቦታ ሲቆም ማየት እፈልጋለሁ። ሐኪሙ ግን በዚህ ጉልበት እንዳልንበረከክ አጥብቆ ከልክሎኛል። በሰሌኑ ጠርዝ ላይ አንዲት ዝቅ ያለች ወንበር ትፈቀድልኝ። ሽማግሌዎቹ ዘንድ ቃልዎ ይሰማል።

የወንድምዎ ሚስት
ናምቦዜ


ቡኩሉላ
መጋቢት 13

ናምቦዜ፣

ደብዳቤሽን ሹፌሩ ኪይምባ ከሳሙና ካርቶን ሥር አውጥቶ ሰጠኝ። ሰላምታሽ ሳሙና ሳሙና ይላል። ፍየሉ ሞቷል፤ ስለጠየቅሽ እግዜር ይስጥልኝ።

እና ብረት አስገባሽ። ወሬው ካንቺ ቀድሞ ደርሷል። ገበያ ላይ ምን እንደሚሉሽ ልንገርሽ? «የሰምባትያ መበለት ለባሏ ዘመዶች ላለመንበርከክ ጉልበቷን አስበየደች» ይላሉ። እኔ አላልኩም። አላስተባበልኩምም።

እናታችንን ታውቂያታለሽ። ጉልበቷ እንደ በሰለ ሙዝ ካበጠ በኋላም ሰው ሲመጣ ትንበረከክ ነበር። መነሳት ሲያቅታት እኔ ከኋላ በብብቷ ይዤ አነሣት ነበር። አንድ ቀን እንኳ ወንበር አምጡልኝ አላለችም። አንቺን ደግሞ ሰኔ ሳይደርስ ወንበሩ ናፈቀሽ።

ለልመናሽ መልሱ አይሆንም ነው። በዚያ ቀን ልጅሽ ልጅሽ አይደለም፤ አባቱ ነው። መበለት በወራሹ ፊት ተንበርክካ ነው ቦታህ ይባረክ የምትለው። በቤታችን ሰሌን ላይ ወንበር ተደርጎ አያውቅም። የልጆችሽን ደብተር እየደበቅሽ ፊደል መቁጠርሽን ሰው ሁሉ ያደንቅልሻል፤ ይህ ግን ደብተር ላይ ስለሌለ አላነበብሽው ይሆናል። እኔን መነኮሳት ነው ያስተማሩኝ፣ እነሱም አልጻፉትም። በጉልበት ነው የሚታወቀው።

ሆኖም ሳላይ አልፈርድም። ሐሙስ ከኪይምባ ጋር መጥቼ ያንን ጉልበት በዓይኔ አየዋለሁ። እንግዳ መቀበል አልረሳሽም ብዬ አምናለሁ።

ናካይዛ


ካምፓላ
መጋቢት 26

ይድረስ ለእትዬ ናካይዛ፣

መንገዱ እንዴት ነበር? በሰላም ገብተዋል? ዝናቡ ሉካያ ላይ መንገዱን ቆርጦት ነበር ሲሉ ሰምቼ አሳብ ገብቶኝ ነበር።

ሻይ ሳይቀርብልዎ በመሄድዎ በጣም አዝኛለሁ። የማቶኬው ሙዝ በቅጠሉ እንደተጠቀለለ፣ የኦቾሎኒው ወጥም እሳት ላይ እንዳለ ቀረ። ማንም አልበላውም። ናጁኮ ለእንግዳ የተሠራ ነው ብላ ለጎረቤት ሰጠችው።

ለምን እንደዚያ እንደጮህኩ በኪይምባ ልከው ጠይቀውኛል። በእርስዎ ላይ የጮህኩ አይደለም። ጉልበቱ ስላልለመደ ነው። «አንድ ጉልበቷን ብቻ መሬት አስነክታ ተወችኝ፣ እንደ ወንድ» ብለዋል አሉ። ትክክል ነው፤ አንዱ ብቻ ነው የነካው። ሁለተኛው ሳይደርስ ወደቅሁ። ንቀት አልነበረም።

ናጁኮ ገና ከበሩ ሲደርሱ «እማዬ መንበርከክ አትችልም፣ አክስቴ፤ ይግቡ፣ ይቀመጡ» ብላ ነበር። እርስዎም «ግድ የለም፤ ቆሜ መጠበቅ አይከብደኝም» አሉ። ቆመው ሲጠብቁ አየሁዎት። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ጉልበቴ ሳይጠይቀኝ ሄደ። እርስዎ ያደረጉት ነገር የለም።

የቀሚስዎን ጫፍ ደም ነክቶት ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃና በጨው ይታጠብ። በሙቅ ውሃ እንዳይነኩት፤ ይብስበታል።

ለጊዜው ከናጁኮ ቤት ወጥቻለሁ። ደብዳቤ ቢልኩ ግን በዚያው ይደርሰኛል። ከጎኔ ያለችው ሴት የምባራራ ሰው ናት። የላሞቿን ስም እየጠራች ታወራለች፤ ጊዜው ይሄድልኛል።

የወንበሯን ነገር እንደገና ያስቡልኝ።

ናምቦዜ


ቡኩሉላ
ሚያዝያ 7

ናምቦዜ፣

ልጅሽ ደወለችልኝ። ስትጮህብኝ ቆማ እንደነበር ከድምፅዋ ታወቀኝ። ከተማ ያሳደጋት ልጅ።

ቁስሉ ተተረተረ፣ አመረቀዘ፣ እንደገና ተከፍቶ ታጠበ፣ እንደገና ተሰፋ አለችኝ። አንቺ ደግሞ «ለጊዜው ከቤት ወጥቻለሁ» ብለሽ ትጽፊልኛለሽ፤ ሠርግ የሄድሽ ይመስል። ስለ ላም ታወሪልኛለሽ። እንደዚያ የሚዋሽ ሰው አንደበቱ ሲለሰልስ ያስፈራኛል። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

ደግሞስ ተንበርከኪ አልኩሽ? ከአፌ ቃል ወጣ? ቆምኩ እንጂ። ሰው በሰው በር ላይ መቆም ተከለከለ? አልጋሽ ላይ ሆነሽ «እትዬ፣ አልችልም» ብትዪኝ መሬት ትውጥሽ ነበር? አንቺ አልችልም ማለት አታውቂበትም። እሺ ብለሽ ትወድቂና ጣጣሽን ለሰው ታሸክሚያለሽ።

ቀሚሴን አጥቤዋለሁ። የለቀቀው ለቅቋል።

ስለ ወንበሩ ያልኩት ያልኩት ነው። የግንቦት ፌንጣ ሲወርድ ዘንድሮ ጠብሼ አልልክልሽም፤ እንዳትጠብቂ።

በዚህ ውስጥ የታጠፈች ትንሽ ወረቀት አለች። የጎረቤት ጥያቄ ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ ዓይነ አፋር ናት፣ እኔን አይመለከተኝም። መልሱን ጻፊላት፤ አነብላታለሁ።

ናካይዛ


ናቴቴ፣ ካምፓላ
ሚያዝያ 21

ይድረስ ለእትዬ ናካይዛ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ወደ ናጁኮ ቤት ተመልሻለሁ። ስለ ላሞቹ ስለጻፍኩት ይቅርታ። እውነት ነበር፤ ግን እውነቱ ሁሉ አልነበረም።

ለጎረቤትዎ እንዲህ ብለው ያንብቡላት።

አዎ፣ በመጋዝ ነው። ከወገቤ በታች አደንዝዘውኝ ስለነበር አላመመኝም፤ ድምፁን ግን ሰምቻለሁ። ከግድግዳው ማዶ አናጢ የሚሠራ ይመስል ነበር። «ደኅና ነዎት?» ሲሉኝ «የማን በር ነው የሚሠራው?» ብያቸው ሳቁ።

ሕመሙ ከስፌቱ አይደለም። ከማጠፉ ነው። ቀዶ ጥገናው የሐኪሙ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የበሽተኛው ነው። ጉልበቴን የምታሠራኝ የአቾሊ ጎሳ ልጅ ናት፤ እጇ ወፍጮ ነው። ተረከዜን ይዛ ወደ መቀመጫዬ ትገፋዋለች። ስጮህ «እናቴ፣ ዛሬ ስደቢኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ስትወጪ ትመርቂኛለሽ» ትለኛለች። በሁሉም ቋንቋ ሰድቤያታለሁ። ጎረቤትዎ መስደብ የማታውቅ ከሆነች ከአሁኑ ትለማመድ።

ጉልበቱ ለረጅም ጊዜ ይሞቃል፤ ልክ ከድስት እንደወጣ ድንች። ከጠባሳው ወደ ውጭ ያለው ቆዳ አይሰማም፤ ስነካው የሌላ ሰው እግር የነካሁ ይመስለኛል። ስራመድ አንዳንዴ ቀጭ ይላል። ሐኪሙ ችግር የለውም ይላል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ሰሞን ሰው የሰማብኝ እየመሰለኝ አሳል ነበር።

ስለ ሽንት ቤቱ። ዝቅ ብሎ መቀመጥ አይቻልም፣ ጉድጓድ ላይ ቁጢጥ ማለት አይታሰብም። አናጢው ሙሳዚ መሐሉ የተበሳ ወንበር ሠርቶልኛል። «ዙፋን አሠራች» ብላችሁ መሳቃችሁን ሰምቻለሁ። ጎረቤትዎ የጠየቀችው ቁመቱን ከሆነ፣ ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ጉልበቷ ይለካና ትንሽ ይጨመርበት። ዝቅ ካለ መነሳት ያቅታታል።

«ትጸጸቻለሽ ወይ?» ለሚለው፤ እንደገና በተሰፋሁ ሰሞን ተጸጽቻለሁ። የድሮ ጉልበቴን መልሱልኝ ብያለሁ። አሁን ግን ያ አጥንት አጥንትን የሚፈጨው ነገር የለም። ለዓመታት ሲጮህ የኖረ የጎረቤት ሬዲዮ አንድ ጠዋት ሲዘጋ እንደሚሆነው ነው፤ ጸጥታውን ለማመን ጊዜ ይወስዳል።

«እዚያው ብሞትስ?» ለሚለው፤ እኔም ፈርቼ ነበር።

ጎረቤትዎ እንዲህ የሚያምር የእጅ ጽሑፍ እንዳላት አላውቅም ነበር። መነኮሳት ያስተማሯት ትመስላለች።

ስለ ወንበሯ ለሦስተኛ ጊዜ እለምንዎታለሁ። አራተኛ የለም።

ናምቦዜ


ቡኩሉላ
ግንቦት 8

ናምቦዜ፣

ጎረቤቴ መልስሽን ሰምታ ወረቀቱን ቀድዳ እሳት ውስጥ ጣለችው። የሰው እጅ ጽሑፍ የምትመረምሪ ከሆነ የቀበሌ ጸሐፊ ሁኚ።

በሰኔ እንዳትመጪ። ለሽማግሌዎቹ ነግሬያቸዋለሁ። አንቺ ከመጣሽ እኔ ከቤቴ አልወጣም። ካልያንጎን እጁን ይዤ ሰሌኑ ላይ የማቆመው እኔ አክስቱ ነኝ፤ ያለ እኔ ሥርዓቱ አይደረግም። ምረጪ።

ምክንያቱን ካልነገርኩሽ ወንበር ይመስልሻል።

ወንድሜ ሆዱን ይዞ ሲንከባለል እዚያ የነበርሽው አንቺ ነሽ። «ለማንም እንዳትደውዪ፤ በተለይ ለናካይዛ። መኪና ይዛ መጥታ ሐኪም ቤት ካልሄድክ ትለኛለች» አለሽ። አንቺ ምን አልሽ? ተንበርክከሽ «እሺ ጌታዬ» አልሽ። ጥሩ ሚስት። ዝናቡ እስኪያባራ አጠገቡ ተንበርክከሽ ውሃ አቀረብሽ። እኔ ከኮረብታው ሥር ነበርኩ። ከደጃፍሽ ቆመሽ ብትጠሪኝ እሰማሽ ነበር። ማሳካ ሐኪም ቤት ይደርስ ነበር። አንጀቱ ተቋጥሮ ነው የሞተው አሉኝ፤ ቢደርስ ይፈቱት ነበር አሉኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሴት ትንበርከክ ስል ኖሬያለሁ። ልጆችሽንም እንደዚያ ነው ያስተማርኳቸው። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ልትቆሚ ይገባሽ ነበር። አልቆምሽም። አሁን በሰሌን ላይ፣ በሽማግሌ ፊት፣ በእኔ ላይ ልትቆሚ ትፈልጊያለሽ። አሁን የምትቆሚው ማንን ለማዳን ነው?

አትምጪ። መልስም አትጻፊ። ኪይምባንም ስለ እኔ ምንም እንዳትጠይቂው።

ናካይዛ


ናቴቴ፣ ካምፓላ
ግንቦት 24

ይድረስ ለእትዬ ናካይዛ፣

እንደምን ሰነበቱ? አትጻፊ ብለውኛል፤ ሰላምታ ግን አይከለከልም።

ስለ ወንድምዎ በጻፉት ላይ የምጨምረው የለኝም፣ የምቀንሰውም የለኝም። እርስዎ አንድ ጊዜ ጻፉት። እኔ በየማለዳው ሳነበው ነው የምነሳው።

ኪይምባን አልጠየቅሁትም። ራሱ ነገረኝ። ከናጁኮ ጋር ሻይ እየጠጣ «ሴትየዋ እኮ ደብዳቤሽን በመስኮት ነው የምትቀበለኝ» አለ። «ለምን?» አለችው። «እስከ በሩ መምጣት አትችልማ። ግድግዳውን እየተደገፈች ነው የምትሄደው። እሑድም ቤተ ክርስቲያን ከቀረች ሰነበተች፤ ቁርባኑን አባ ራሳቸው ቤቷ ያመጡላታል። ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች» አለና አፉን በእጁ ያዘ። አይቆጡት። ሹፌር ነው፤ ያየውን ሁሉ ይዞ መዞር ይከብደዋል።

እንግዲህ ገባኝ። ያኔ በበሩ ላይ የቆሙት እኔን ለማስጨነቅ ብቻ አልነበረም። ይቀመጡ ሲባሉ ያልተቀመጡት፣ ከተቀመጡ በሰው ፊት መነሳት ስለሚያቅትዎ ነው። እኔ ደግሞ ኩራት መስሎኝ ወደቅሁ። ሁለታችንም የጉልበት በሽተኞች ሆነን፣ አንዳችን መቀመጥ አፍረን፣ አንዳችን መቆም አፍረን።

አሁን ደግሞ «አንቺ ከመጣሽ አልወጣም» ይላሉ። ባልመጣስ ይወጣሉ? ሰሌኑ ላይ ወርደው ማን ያነሣዎታል? ሰበቡ እኔ ልሆን፣ የእርስዎ ጉልበት ሳይታይ ሊቀር፣ የባለቤቴም ሞት ከቤቱ ሳይወጣ እዚያው ጥግ ይዞ ሊቀመጥ ነው። ይህን አልቀበልም። ይጥሉኝ፣ ይስደቡኝ፤ እሱ ግን ይሸኝልኝ።

አትምጪ ብለውኛል። ወንድምዎም አትደውዪ ብሎኝ ነበር። ያን ጊዜ የሚታጠፍ ጉልበት ነበረኝ። እሺ የምልበት ጉልበት ሐኪም ቤት ቀርቷል፤ ምን እንዳደረጉትም አልጠየቅኩም።

ሰኞ ጠዋት ኪይምባ ሌላ ሰው ሳይጭን ያመጣኛል። ሁለት ወንበር ይዤ እመጣለሁ። ሙሳዚ «የማንኛችሁ ከፍ ይበል?» ብሎ ጠየቀኝ። የእርስዎን በሁለት ጣት ከፍ አድርገው አልኩት፤ ታላቅ ነዎት። ሁለቱንም ሰሌኑ ላይ እናስቀምጣቸዋለን። ሽማግሌዎቹ ካልወደዱ፣ ሁለት አሮጊቶችን ከነወንበራቸው ተሸክመው ያውጡ፤ አገር ይይ። ከሥርዓቱ በኋላ ሐኪሜ ዘንድ አብረን እንሄዳለን። ጎረቤትዎንም ይዘው ይምጡ።

ከበርዎ ላይ ቆሜ ሰላም እልዎታለሁ። እስኪከፍቱልኝ ቆሜ መጠበቅ አይከብደኝም።

ናምቦዜ


ቡኩሉላ
ግንቦት 27

ናምቦዜ፣

ሰኞ አይሆንም። ሰኞ ቤቱ ይለቀለቃል። ማክሰኞ ነይ።

ይቅር አላልኩሽም። ይህችን መስመር ደግመሽ አንብቢያት፤ ማንበብ ትችያለሽ። ማንም ሰው «ታረቁ» ብሎ እልል እንዳይል ለናጁኮ ንገሪያት።

ሁለት ጣት አይበቃም፤ አራት ይሁን። መደገፊያም ይኑረው።

ፌንጣው ወርዷል። አስቀምጬልሻለሁ፤ ክንፉን ግን ራስሽ ትነቅያለሽ።

በሩ አይቆለፍም። ገፋ አድርጊና ግቢ። ተቀምጬ እጠብቅሻለሁ።

ናካይዛ